የዕቁቡ ገንዘብና የወለቀው ቴርሞስታት

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ በስልክ ጥሪ በሚሠራ የታክሲ አገልግሎት የምተዳደር የ29 ዓመት ሰው ነኝ። መኪናዬ በፈረንጆች 2006 የተመረተች፣ ባለ 1 ሊትር ሞተር አውቶማቲክ ቪትዝ ናት። ስገዛት በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ ነበር፤ አሁን 9 ላይ ወርዳለች። በቀን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስለምነዳ የማገኘው ገንዘብ ማደያ ውስጥ እየቀረ ነው።

አምና ሙቀት እያመጣች አስቸግራኝ መካኒኬ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለልኝና ተገላገልኩ። ሰፈሬ ድንጋያማ ስለሆነ ጎማዋን ከ165/70 ወደ 185/70 ለውጬ፣ ሞላዎቹም ላይ ማስረዘሚያ አስገብቼ ከፍ አስደርጌያታለሁ። ለዕቃ እንዲመቸኝ ጣሪያዋ ላይ ፖርቶ መጋላም (የዕቃ መጫኛ ብረት) አለኝ።

አሁን ዕቁብ ደርሶኝ 40 ሺህ ብር እጄ ላይ አለ። አንድ ሰው ውኃን ወደ ጋዝ የሚቀይር መሣሪያ በ28 ሺህ ብር ልግጠምልህ፣ 40 በመቶ ትቆጥባለህ፣ ካልረካህ ገንዘብህን እመልሳለሁ ይለኛል። ጓደኛዬ በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት አስገብቶ ለውጥ አይቻለሁ ብሏል። ሌላው ደግሞ የመኪናዋን ኮምፒውተር እንደገና አስሞላው ይለኛል። ከሦስቱ የቱን ልምረጥ? ባለቤቴ ጋሼን ሳትጠይቅ አንድ ብር እንዳታወጣ ብላኛለች።

ግራ የተጋባው ሹፌር፣ ከአያት

መልስ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እሷ ባታስቆምህ ኖሮ ይህን ጊዜ 28 ሺው ብር የሰው ኪስ ውስጥ ነበር።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምትጠይቀኝ ከሦስቱ የቱን ልግዛ ብለህ ነው። መልሱ ግን ከጥያቄው ቀደም ብሎ፣ አንተ እንደ ዋዛ ጠቅሰህ ባለፍከው ቦታ ተቀምጧል፦ «ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለልኝና ተገላገልኩ»። ጋራዥ ውስጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ከሰማሁትም ይልቅ ያደረግሁት ይበዛል። ወጣት ሳለሁ አለቃዬ ያስተማረኝ እንደዚያ ስለነበር፣ የስንቱን ደንበኛ ቴርሞስታት ከዘይት ጨርቁ ጋር ወደ በርሜል ወርውሬያለሁ። ስለዚህ መካኒክህን አልወቅሰውም። ነገሩን ግን ላስረዳህ፤ ከአራቱ የጠፉ ኪሎ ሜትሮችህ ትልቁ ድርሻ እዚህ ተደብቋል ብዬ ስለማምን።

ቴርሞስታት በሞተርና በራዲያተር መካከል በሚዞረው ውኃ መንገድ ላይ የተተከለ ትንሽ በር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ይዘጋል፤ ውኃው እዚያው ሞተሩ ውስጥ እየተዘዋወረ ቶሎ ይሞቃል። ሙቀቱ 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በሩ መከፈት ይጀምርና ራዲያተሩ ሥራውን ይረከባል። በሩ ከተነቀለ ግን ውኃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አንሥቶ ራዲያተር ውስጥ ይገባል። በታኅሣሥ ማለዳ ከአያት ስትነሣ ሞተሩ ልሙቅ ይላል፣ ራዲያተሩ አይሆንም ይለዋል። ቁልቁለት ላይ ስትሆን፣ ሞተሩ ሥራ ሳይኖረው ነፋሱ በፊት ለፊት ሲገባ፣ ጭራሽ መልሶ ይበርዳል።

የመኪናዋ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ የሚያውቀው በአንዲት የሙቀት ሴንሰር በኩል ነው። ሴንሰሯ «ሞተሩ ገና አልሞቀም» ባለችው ቁጥር ቤንዚን ይጨምራል፤ ቤንዚን በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ በደንብ ስለማይተን ያለ ጭማሪ አይነድለትምና። ይህ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሊሆን የሚገባው ነገር ነው፤ የአንተ ቪትዝ ግን ቀኑን በከፊል እንደ ጠዋት እየኖረችው ነው። የሞተር ዘይቱም እንደወፈረ ይውላል። ካምቢዮውም ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ሞተሩን በከፍተኛ ዙር ይይዘዋል። ሦስቱም ከአንድ ታንከር ይጠጣሉ።

እኔን ማመን የለብህም፤ ራስህ እየው። በአብዛኛው ቪትዝ ክሩስኮት (ከመሪው ፊት ያለው የመለኪያዎች ሰሌዳ) ላይ የሙቀት ቀስት የለም፤ ሞተሩ ሲበርድ የምትበራ ሰማያዊ መብራት፣ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ቀይ መብራት አለ። ሰማያዊዋ ጠዋት በርታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጥፋት አለባት። መገናኛ እስክትደርስ ካልጠፋች፣ ወይም ጠፍታ ቁልቁለት ላይ ተመልሳ ከበራች፣ ነገሩ አለቀ። መብራቷ ከሌለችህ ወይም ከተቃጠለች፣ የኮምፒውተር ማንበቢያ ያለው ጋራዥ ሰክቶ የውኃውን ሙቀት በቁጥር ያሳይህ። ግማሽ ሰዓት ከተነዳ በኋላ ከ80 በታች የሚወዛወዝ ከሆነ የምነግርህ ሁሉ ያንተ ጉዳይ ነው።

«ታዲያ አምና ለምን ሞቀች?» ትለኝ ይሆናል። ይህን ሳንመልስ አዲስ ቴርሞስታት ብትገዛ ከሳምንት በኋላ ሞተርህን አቃጥለህ እኔን ትረግመኛለህ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ባቄላ መቀቀል ከአዋሽ ይልቅ ጊዜ የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው። ራዲያተር ግን ክፍት ድስት አይደለም፤ ክዳን አለው። ክዳኑ በውስጡ ባለች ሞላና ጎማ ግፊቱን ስለሚይዝ ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። አሁን ያች ጎማ ተሰነጣጥቃለች፣ ሞላዋም ላልታለች እንበል። ክዳኑ ከላይ ሲታይ ደህና ነው፣ ይዘጋል፣ ግፊት ግን አይዝም። ያኔ ውኃህ በ92 ይፈላል። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው በ82 ነበር፤ በሁለቱ መካከል የቀረችህ 10 ዲግሪ ብቻ ናት። ዳገት ላይ ትንሽ ስትጨነቅ ውኃው ይንተከተካል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ መካኒኩም «ቴርሞስታቱ አልከፍት ብሏል» ብሎ ይነቅለዋል። ሙቀቱ በርግጥ ይጠፋል። በሽታው ግን ክዳኑ ነበር፤ በማንኛውም የመለዋወጫ ሱቅ የሚገኝ፣ ከጠቅላላው ዕቃ ሁሉ ርካሹ ክዳን።

ክዳኑ ካልሆነ ደግሞ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲሞላበት ውስጡ የደለለ ራዲያተር፣ በሰዓቱ የማይነሣ ማራገቢያ፣ ወይም በቀስታ የሚያፈስ ቱቦ ይሆናል። የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ከሆነ ወጪው ከበድ ይላል፤ ግን እሱ ቢሆን ኖሮ ቴርሞስታት በማውጣት ዓመት ሙሉ ባልተረፍክ ነበር። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ክዳኑ በግፊት መለኪያ ይፈተሽ፤ ራዲያተሩ ይታጠብ፤ ማራገቢያው በየትኛው ሙቀት እንደሚነሣ ይታይ፤ በንጹሕ ውኃ የተበረዘ ኩላንት ይሞላ፤ ሞተሩ ውስጥ የቀረ አየር ይውጣ። ቴርሞስታቱ የሚመለሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም ለሞተርህ የተሠራው፣ በፋብሪካው ዲግሪ የሚከፈተው ይሁን። «ቶሎ የሚከፈተውን ልግጠምልህ» የሚል ካለ በሩን በከፊል ክፍት አድርጌ ልተውልህ እያለህ ነው።

ይህን ስታስጨርስ አራቱን ነገር አብረህ አሳይ።

ሞተሩ ዓመት ሙሉ ቤንዚን እየበዛበት ስለነደደ ካንዴላዎቹን፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን፣ አስወጥተህ እያቸው። ጫፋቸው ግራጫ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ምድጃ ጥላሸት ደርቆና ጠቁሮ ካገኘኸው ያ ጥላሸት የኦክሲጅን ሴንሰሩም ላይ ተለጥፎ ይሆናል። ይህች ሴንሰር ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በሚጀምርበት ቱቦ ላይ ተተክላ፣ ከሞተር የሚወጣውን ጭስ እየሸተተች «በዝቷል፣ ቀንሷል» ብላ ለኮምፒውተሩ የምትነግረው ናት። እሷ ከተሳሳተች ኮምፒውተሩ ዕውር ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ለአሽከርካሪዎች በሚሰጠው ምክር፣ እንደ ተበላሸ ኦክሲጅን ሴንሰር ያለ ከባድ ጉድለትን ማስተካከል የነዳጅ ቁጠባን እስከ 40 በመቶ ሊያሻሽል ይችላል ይላል። ሻጭህ ቃል የገባልህን 40 በመቶ ያገኘሁት እዚህ ብቻ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራትህ በርቶ ከሆነ ዛሬውኑ አስነብበው። በነገራችን ላይ መብራቱን እስኪረሳ ድረስ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖ የሚነዳ ሰው አውቃለሁ፤ አንተ እንደዚያ እንደማትሆን ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳታበዛ ነድተህ ቁም፤ እጅህን ሳታስነካ ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠጋ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ከሆነ ሸራው አልላቀቅ ብሎ ሲጎትት እየዋለ ነው። ሦስተኛው ዘይት ነው፤ ብዙ ጋራዥ ለትንሹም ለትልቁም 20 ደብልዩ 50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ይሞላል። ለአንተ ሞተር ፋብሪካው የሚመክረው በጣም ቀጭኑን ነው። ሞተሩ ዘይት የማይበላ ከሆነ ወደ ቀጭኑ ተመለስ፤ ጥቅሙ ከአንድ ሁለት በመቶ ባይበልጥም ዘይት መቀየርህ እንደሆነ አይቀርም። አራተኛው የጎማ ንፋስ ነው። የአራቱም ጎማ ግፊት በአንድ ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) በወረደ ቁጥር ፍጆታህ በ0.2 በመቶ ይጨምራል፤ ትንሽ ይመስላል፣ ጎሚስታው ዘንድ ሳትደርስ ሦስት ወር ብትቆይ ግን የ10 ፒኤስአይ ጉድለት ብርቅ አይደለም። ልኩ የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ጠዋት ጎማው ሳይግል አስለካ።

ስለ ጎማው መጠን ግን ቆም ብዬ ላናግርህ፤ እዚህ ላይ ራስህን ሳታውቀው ስታታልል ኖረሃል።

የ165/70 ባለ 14 ጎማ ከመሬት እስከ አናቱ 587 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 185/70 ደግሞ 615። ልዩነቱ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ክሩስኮቱ ላይ ያለው ቆጣሪ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር እንጂ መንገዱን አይደለም፤ ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር የበለጠ ስለሚሄድ ቆጣሪው መቶ ሲል አንተ የሄድከው 105 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 9 ያልከው በሊትር፣ በእውነት 9.4 ነው። ከጠፋብህ አራት ኪሎ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህሉ አልጠፋም ማለት ነው፤ ቆጣሪህ ዋሸህ። ፍጥነትህም ክሩስኮቱ ከሚያሳይህ ይበልጣል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆምህ ይህን አስታውስ።

ይህ ማለት ግን ሰፊው ጎማ አይጎዳም ማለት አይደለም። ክብደቱ ከፍ ያለ ነው፤ በየመብራቱ ከቆመበት ሲነሣ ያን ክብደት ማዞር አለብህ። ለ1 ሊትር ሞተር፣ ያውም በከፍታችን ምክንያት አየሩ ሳስቶበት ከባሕር ዳርቻው ጉልበቱ ሩቡን ያህል ለተቀነሰ ሞተር፣ ሸክም ነው። ሆኖም አሁኑኑ አውልቀህ ጣል አልልህም። ገንዘብ አውጥተህበታል፤ እስኪያልቅ ተጠቀምበት፣ ሲያልቅ ወደ 165 ተመለስ። ሞላው ላይ ያስገባኸውን ማስረዘሚያ ተወው። ሰፈርህን አውቀዋለሁ፤ በከተማ ፍጥነት ከፍታው በነዳጅ ላይ የሚያመጣው ነገር እዚህ ግባ አይባልም፣ የሞተሩ ሆድ ድንጋይ ላይ ከሚላጥ ይሻላል። አላይመንቱን ብቻ አስለካ፤ መኪና ከፍ ሲደረግ የፊት ጎማዎች አቅጣጫ ይዛባል።

ፖርቶ መጋላውን ፍታው። ብሎኖቹን ለመፍታት አንድ ቁልፍና አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ዕቃ የምትጭን ዕለት መልሰህ ታስረዋለህ። የነፋስ መከላከል በፍጥነቱ ልክ አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ነፋሱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጣሪያ ላይ ትልቅ ሣጥን ጭኖ መሄድ በከተማ ውስጥ ከ2 እስከ 8 በመቶ፣ በፈጣን አውራ ጎዳና ደግሞ ከ10 እስከ 25 በመቶ ነዳጅ እንደሚያስበላ የዚያው የአሜሪካ ሚኒስቴር ቁጥር ይናገራል። ባዶ ብረት ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግን ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ስትሄድ ባዶ ብረት በነፋስ ላይ ለመጎተት ለምን ትከፍላለህ? በዚያው ምክንያት ከኋላ ክንፍ ልግጠም፣ ቸርኬ ልሸፍን የሚሉ ነገሮች ለአንተ ሥራ አይሆኑም። ከመገናኛ ሜክሲኮ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተንፏቀቅህ ነፋስ ምን ያደርግሃል?

አሁን ወደ ሻጮቹ እንምጣ።

የውኃውን መሣሪያ ነገር በሒሳብ እየው። ከታንከርህ 100 ብር የሚያወጣ ቤንዚን ወጣ እንበል። ሞተርህ ከዚያ ውስጥ ወደ ጉልበት የሚለውጠው የ25 ብሩን ያህል ነው፤ የቀረው በራዲያተርና በማርሚታ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ያን ጉልበት ዲናሞው ወስዶ ኤሌክትሪክ ሲያደርገው 15 ብር ያህሉ ይተርፋል። ኤሌክትሪኩ በመሣሪያው ውስጥ ውኃውን ሰንጥቆ ሃይድሮጂን ሲያወጣ 9 ወይም 10 ብር የሚያህል ይተርፋል። ሃይድሮጂኑ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ሲነድ እንደገና ሩቡ ብቻ ጉልበት ይሆናል፤ ከ100 ብሩ 2 ብር ከምናምን። 25 ብር ጉልበት ሰጥተህ 2 ብር ተቀበልክ። ወንዝ ዳር ቆሞ ውኃ በወንፊት መቅዳት ማለት ይህ ነው፤ ያውም ወንፊቱን በ28 ሺህ ብር ገዝቶ።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከመቶ በላይ መሣሪያዎችን ባለፉት አሠርት ዓመታት መርምሯል። ቁጠባውን በጉልህ የሚያሻሽል አንድም አላገኘም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ሞተር የሚጎዱ ወይም ጭስ የሚጨምሩ ናቸው። ማግኔቱ ከዚሁ ወገን ነው። ቤንዚን የካርቦንና የሃይድሮጂን ውሕድ ነው፤ ማግኔት ብታስጠጋበት ብታርቅበት አይሰማውም። በጠርሙስ እየተሸጠ ታንከር ውስጥ የሚጨመረውንም አትጠይቀኝ። አሴቶን ወይም የብል መድኃኒት ጨምር የሚልህ ሰው ካጋጠመህ የነዳጅ ቱቦህን ጎማዎች የሚበላ ነገር እየመከረህ መሆኑን ዕወቅ።

«ጓደኛዬ ግን ለውጥ አየሁ ብሏል» ትላለህ። ውሸታም ነው አልልም። ማግኔቱን የገጠመለት ሰው በዚያው አጋጣሚ ካንዴላውን ጠርጎለት፣ ፊልትሮውን አራግፎለት፣ ጎማውንም አስነፍቶለት ይሆናል። ካልሆነም ሰው ገንዘብ ያወጣበትን ነገር ሲጠብቅ እግሩ ነዳጅ መርገጫው ላይ ይቀልላል። አነዳድ ብቻውን፣ ቆም ቀጥ በሚል የከተማ መንገድ ላይ፣ ከ10 እስከ 40 በመቶ ልዩነት ያመጣል። ማግኔቱ የቆጠበው ሰውየውን እንጂ ቤንዚኑን አይደለም።

ኮምፒውተሯን ማስሞላትንም እርሳው። ተርቦ ያላቸው ትልልቅ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ለባለ 1 ሊትር ቪትዝ ግን ፋብሪካው ራሱ የጻፈው ፕሮግራም የተነደፈው ለቁጠባ ነው፤ የከፍታውንም አየር ሴንሰሮቹ እየለኩ ቤንዚኑን ይቀንሱለታል። ይህ ችግር የነበረው ካርቡራቶር ባላቸው በነላዳ ዘመን ነው። ለባሕር ዳርቻ አየር የተመተረ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል፤ የነዳጅ ቀዳዳውን በጠባቡ መቀየር እውነተኛ ማሻሻያ ነበር፣ እኔም ብዙ እንጀራ በልቼበታለሁ። ዛሬም ካርቡራቶር ያለው የሚነዳ አንባቢ ካለ ይህን ለሱ ጻፍኩት። የአየር ፊልትሮም እንደዚሁ ነው፤ በካርቡራቶር መኪና ላይ የታፈነ ፊልትሮ ነዳጅ ያስበላል፣ በአንተዋ ላይ ግን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ፍጆታውን እምብዛም አይለውጥም። ውድ የሚታጠብ ፊልትሮ አትግዛ።

ለሹፌር ስለ አነዳድ መምከር ለቄስ አቡነ ዘበሰማያት ማስተማር ነውና አላበዛውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ቁልቁለት ላይ ፍሪ አድርጎ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥቶ፣ መውረድ ነዳጅ የሚቆጥብ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በእንጀክተር በሚሠራ ሞተር ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በማርሽ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ መርገጫው ስታነሣ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ፍሪ ስታደርግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መልሶ ይከፍተዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ስትወርድ በፍሪ ብትሆን ነዳጁንም ፍሬኑንም ነው የምትጨርሰው።

ከማንኛውም ነገር በፊት ግን መለካት ጀምር፤ ዛሬ፣ ቴርሞስታቱን ሳትነካ። ከአንድ ማደያ፣ ከአንዱ ማሽን፣ እስከሚዘጋበት የመጀመሪያ ድምፅ ብቻ ሙሉ አስቀዳ። ኪሎ ሜትሩን ጻፍ። ታንከሩ ሲጋመስ እዚያው ተመልሰህ እንደገና ሙሉ አስቀዳ። የሄድከውን ኪሎ ሜትር በ1.05 አባዛ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ለገባው ሊትር አካፍል። ሦስት ጊዜ አድርገህ አማካዩን ያዝ፤ አንዱ ቀን ዝናብ፣ ሌላው ሰልፍ ይኖረዋልና በአንድ ሙሌት አትፍረድ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አስተካክል፣ እንደገና ሦስት ጊዜ ለካ። ሁሉንም በአንድ ቀን ካስጠገንክ የትኛው እንደረዳህ አታውቅም፤ ቀጣዩም መካኒክ አያውቅም።

በደንብ የተያዘች እንዲህ ያለች ቪትዝ በአዲስ አበባ መንገድ በሊትር 12 ወይም 13 መሄድ አለባት። ከ9.4 ወደ 12 ብቻ ብትደርስልህ፣ በወር 26 ቀን መቶ መቶ ኪሎ ሜትር ስትነዳ፣ 277 ሊትር የነበረው 217 ይሆናል። 60 ሊትር ነው። የቤንዚኑ ዋጋ ይህ ጽሑፍ እጅህ እስኪደርስ ሊለወጥ ስለሚችል ለሒሳብ እንዲቀልል ሊትሩን መቶ ብር ብቻ እንበለው፤ በወር 6 ሺህ ብር ይተርፍሃል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረ ነገር በ2017 አጋማሽ ከመቶ ብር ስላለፈ፣ መቶ ማለቴ ልከኛ ግምት ነው። 12 ላይ ስትደርስ አቁም፤ የቀረውን የዕቁብ ገንዘብ ለባለቤትህ ስጥ። በቤንዚን የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከ2016 ወዲህ ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ይህችው ቪትዝ ገና ብዙ ትኖርሃለች፤ ለመጪው ሞላና ለመጪው ጎማ የሚሆን ገንዘብ ያስፈልግሃል።

ልብህ አሁንም ወደ ውኃው መሣሪያ ከሳበህ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቀው። ገንዘቡ በሦስተኛ ሰው እጅ ይቀመጥ። መሣሪያው ይገጠም፣ ማብሪያው ግን አንተ በማታየው ቦታ ይሁን። ባለቤትህ በስድስት ሙሌቶች ውስጥ ሦስቱን አብርታ ሦስቱን አጥፍታ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ በወረቀት ጽፋ ትያዝ፤ ለአንተ አትንገርህ። አንተ ሊትርና ኪሎ ሜትር ብቻ መዝግብ። በመጨረሻ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሻጩ በዚህ ከተስማማ አድራሻውን ላክልኝ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት እሺ ያለኝ ሻጭ አላጋጠመኝምና ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።